በ5 ዶላር ያወጣሁት የጂሲኤምኤስ ኖት፣ ለጠየቀ ሰው ይጠቅማል ወይ

የታናሽ እህቴ የካናዳ ስተዲ ፐርሚት (የትምህርት ፈቃድ) ሪፊውዝ ሲደረግ፣ ማለትም ሲከለከል፣ ደብዳቤው ላይ የነበረው ትምህርትሽን ጨርሰሽ ትወጫለሽ ብለን አላመንንም፣ የገንዘብ አቅምሽም በቂ ሆኖ አላገኘነውም የሚል ነው። የቱ ወረቀት እንደጎደለ ግን ከዛ ላይ ማወቅ አይቻልም። ልጅቷ እንቅልፍ አጣች፣ እኔም እዚህ ካናዳ ሆኜ በስልክ ምን ብዬ እንደማፅናናት ጠፋኝ። ከዛ ነው አንድ ጓደኛዬ መጀመሪያ ኖቱን አውጪ ያለችኝ።

ኖት የሚባለው የካናዳ ኢሚግሬሽን መስሪያ ቤት (አይአርሲሲ) ጂሲኤምኤስ በሚለው ሲስተሙ ውስጥ ስለ ፋይላችሁ የፃፈው ነው፣ ማን መቼ እንዳየው፣ የቱ ምርመራ እንዳለፈ፣ ኦፊሰሩ በምን ምክንያት እንደወሰነ። ካናዳ ውስጥ ያለ ሰው ኦንላይን 5 ዶላር ከፍሎ ይጠይቃል፣ የሌላ ሰው ፋይል ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ አይኤምኤም 5744 የሚባለውን የፈቃድ ፎርም መፈረም አለበት። እህቴ ፈርማ ፎቶውን በቴሌግራም ላከችልኝ፣ እኔ በግማሽ ሰዓት ጨረስኩት። ስሙን የማልጠራው አንድ አማካሪ ግን ለዚችው ስራ 200 ዶላር ጠይቆን ነበር፣ የተጨነቀ ሰው ላይ እንዲህ ሲደረግ በጣም ያናድደኛል። ከ2022 ጀምሮ እኮ ውጭ ያለ አመልካች ራሱ ፕራይቬሲ አክት በሚባለው የግል መረጃ ህግ በነፃ መጠየቅ ይችላል!

በህጉ መልስ የሚሰጠው በ30 ቀን ነው፣ ሊራዘምም ይችላል። ውሳኔውን ለመቃወም ፌደራል ኮርት (ፍርድ ቤት) ልትሄዱ ካሰባችሁ ግን ኖቱን አትጠብቁ፣ ውሳኔው የተሰጠው ከካናዳ ውጭ ከሆነ 60 ቀን፣ ካናዳ ውስጥ ከሆነ 15 ቀን ብቻ ነው ያላችሁ፣ ያ ደግሞ ኖቱ ስላልመጣ ብሎ አይቆምም።

ፒዲኤፉ ሲመጣ 30 ምናምን ገፅ ነው፣ አብዛኛው እናንተው የሞላችሁት ስምና አድራሻ ተደጋግሞ ስለሆነ አትደንግጡ። አንዳንድ ቦታ ባዶ ተደርጎ 15(1) ወይ 16(1) የሚል ቁጥር ታያላችሁ፣ ያ በህጉ መሰረት የተሸፈነ ነው፣ 19(1) ደግሞ የሌላ ሰው የግል መረጃ ማለት ነው። እህቴ ሴኩሪቲ (የደህንነት ምርመራ) የሚለው ቦታ ላይ ነት ስታርትድ የሚል አይታ እያለቀሰች ደወለችልኝ፣ እሱ ግን ገና አልተጀመረም ማለት እንጂ ችግር ተገኘ ማለት አይደለም፣ የሷ ጉዳይ ሌላ ቦታ ነበር።

ዋናው ነገር ያለው ኦፊሰሩ በራሱ ቃል የፃፋት አጭር አንቀፅ ላይ ነው። ፒኤ የምትለዋ ዋና አመልካች ናት፣ ፒኦኤፍ የገንዘብ ማስረጃ ነው፣ እነዚህን ካወቃችሁ ቀስ ብላችሁ ትረዱታላችሁ። የኛ ላይ የተፃፈው በአጭሩ፣ የሚያስተምራት አጎቷ አካውንት ውስጥ በአንድ ቀን ብዙ ብር ገብቷል፣ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ማስረጃ ግን አልቀረበም ነው። ሦስቴ አነበብኩት። አጎታችን ቤት ሸጦ ነው እኮ ያስገባው፣ የሽያጭ ውሉ እናታችን ቁምሳጥን ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ይጠየቃል ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ነው ያልተያያዘው። እኛ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የትምህርት ቤት ምርጫዋ ነው ጥፋቱ እያልን ልጅቷን ስንወቅሳት ነበር፣ ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሪፊውዝ የተደረገ ሰው ኖቱን ሳያነብ ያንኑ ወረቀት መልሶ ባያስገባ ነው የምለው። ከ2025 ወዲህ ለአንዳንድ አይነት ማመልከቻዎች የኦፊሰሩን ማስታወሻ ከደብዳቤው ጋር መላክ ስለጀመሩ መጀመሪያ እሱን እዩ፣ እዛው ካገኛችሁት መክፈልም መጠበቅም አያስፈልግም። ኬዛቸው ገና ፕሮሰስ ላይ ላለ ሰዎች ግን በየወሩ መጠየቅ ጥቅሙ ብዙም አይታየኝም፣ ኖቱ የሚያሳየው የወጣበትን ቀን ብቻ ስለሆነ እናንተ ጋ እስኪደርስ ፋይሉ ሌላ ደረጃ ላይ ሊሆን ይችላል።

እኛ ውሉን አስተርጉመን፣ አጎታችንም ብሩ ከየት እንደመጣ በደብዳቤ ገልፆ፣ ባለፈው ሳምንት እንደገና አስገብተናል።