የፖስታ ቤት አካባቢ በገናዎች፦ ለግድግዳ ወይስ ለመደርደር?

ከፖስታ ቤት ተነስቶ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ለሚወጣ ሰው በባህል ዕቃ መሸጫዎቹ ውስጥ የቆሙት በገናዎች ዓይን ይስባሉ። ሲያዩአቸው ምንም አይወጣላቸውም፤ አውታራቸው 10 ነው፣ መስቀሉም ተቀርጾባቸዋል። ችግሩ፣ ብዙዎቹ የተሠሩት እንዲታዩ እንጂ እንዲደረደሩ አይደለም። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕቃ የሚፈልግ ቤተሰብ ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት በርኩማውን (አውታሮቹ ከታች የሚደገፉበትን እንጨት) እና ቀንበሩን (አውታሮቹ ከላይ የሚታሰሩበትን አግዳሚ) ይመርምር።

በርኩማው ላይ እንዚራ መኖሩን ይዩ። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ ነዛሪ ድምፅ የሚወጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል ከምትገባው ከዚህች ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። ከመጠን በላይ ከገባች አውታሩ ይታፈናል፤ ከወጣች ደግሞ ድምፁ ወደ ክራር ይሄዳል። ቦታዋ የሚገኘው አውታሩን እየመቱ በጥቂት በጥቂቱ ገፋ፣ ሳብ በማድረግ ነው። ስለዚህ በሙጫ የተጣበቀ እንዚራ ዋጋ የለውም። አሥሩ አውታር የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ መሆኑን ሻጭ ሁሉ አሳምሮ ይነግርዎታል፤ ስለ እንዚራ ሲጠይቁት ነው ወሬ የሚቀይረው።

ቀንበሩ ላይ መቃኛውን የሚይዘው የተጠቀለለው ጨርቅ ወይም ጠፍር ነው። ለማሳመር ቫርኒሽ የተቀባ ቀንበር ያንሸራትታል፤ መዝሙሩ ሳያልቅ ቅኝቱ ይወርዳል። አንድ አውታር አስከርረው ሌላ ዕቃ እያዩ ይቆዩ፤ ተመልሰው ሲመቱት ከረገበ ይለፉት። አውታሩ ናይለን ቢሆን ያን ያህል አያስከፋም። የበግ አንጀት ድምፁ ይበልጣል፣ ግን የክረምት እርጥበት ቅኝቱን ያዛባዋል።

ቤቱ የአያት በገና ያለው ሰው ግን አዲስ ባይገዛ ይሻላል። ቀድሞ የሚያረጀው በገበቴው (በድምፅ ሳጥኑ) ላይ የተወጠረው ቆዳና አውታሩ ነው፤ የዋንዛው ገበቴ ካልነቀዘና ካልተሰነጠቀ ሁለቱም ይተካሉ። ለጥገና ከመስጠትዎ በፊት በርኩማው የቆመበትን ቦታ ፎቶ ያንሱ። እንጨቱ እንዳይላግ፣ ቫርኒሽም እንዳይነካው አጥብቀው ይናገሩ፤ በደርዳሪው እጅ የለሰለሰውን ምሰሶ አንዴ ከላጉት የአያት መሆኑ በምን ይታወቃል? አሮጌዎቹን መቃኛዎችና እንዚራዎች በፌስታል አድርገው እንዲመልሱልዎት ይጠይቁ፤ ለአዲሶቹ ልክ የሚወሰደው ከእነሱ ነው።

ቆዳው ተነክሮ ሲለሰልስ ይወጠርና ይሰፋል፤ ከዚያ የሚደርቀው ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ ላይ ከተሰጣ በአንድ ጊዜ ይኮማተርና ስፌቱን ይበጥሳል፣ አንዳንዴም ገበቴውን ያጣምማል። «ነገ ይደርሳል» የሚል ጠጋኝ ቢያጋጥምዎት በገናውን ይዘው ይውጡ። እርጥብ ቆዳ ላይ አውታር ከተወጠረ በርኩማው ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቆዳውም እንደሰረጎደ ይደርቃል፤ ያኔ ቆዳ እንደገና መቀየር ነው።