ቱሉ ዲምቱ የገባልኝ ፋይበር፦ መስመሩ አንደኛ፣ አገጣጠሙ ግን...

የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፣ እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ። ፋይበር፣ ማለትም በብርሃን የሚሠራው የኢንተርኔት መስመር፣ ሳይገባ በፊት ለደንበኛ ሥራ የማደርሰው ፍላሽ ይዤ በታክሲ ነበር። አሁን ማታ ጭኜ እተኛለሁ፣ ጠዋት ደርሶ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ብታስገቡ አትቆጩም። ወሬዬ ስለ አገጣጠሙ ነው።

ቤታችሁ የሚገባው ክር መስታወት ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉ 9 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ፀጉር ከዚህ በብዙ ይወፍራል። ገጣሚዎቹ የተረፈውን ክር ጠበቅ አድርገው ጠቅልለው በሩ ማጠፊያ ሥር ቸነከሩት። እንዲህ ያለ ክር ክፉኛ ከታጠፈ ብርሃኑ በጎን ያመልጣል። በሩ በተዘጋ ቁጥር ሞደሙ ላይ ሎስ የሚሏት፣ ብርሃን አልደርስ ሲል የምትበራው ቀይ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። ብደውል "ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪው" አሉኝ። ስንቴ ላብራው!

ውጭ አገር እኮ ብርሃኑን ሲሊኮን ቺፕ ውስጥ አስገብተውታል። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል በዚህ መንገድ 100 ጊጋቢት በሰከንድ የሚያስተላልፍ መሣሪያ ገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። የእኔው ደግሞ በር ማጠፊያ አሸንፎት ቁጭ ብሏል።

በኋላ የመጣው ልጅ ግን ሥራውን ያውቃል። የብርሃን መለኪያውን አውጥቶ የክሩን አረንጓዴ ጫፍ ሰካበት፤ −29 ዲቢኤም (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ ነው፤ ከዜሮ በታች በወረደ ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል)። "እህቴ፣ ሞደሙ ችሎ የሚያነበው እስከ −27 ነው" አለኝ። ክሩን ፈታ፣ ሰፋ አድርጎ ጠቀለለው፣ ጫፏን በአልኮል ጠረጋት። −21 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቀዩን መብራት አላየሁትም። ገጣሚ ሲመጣባችሁ ይህን ቁጥር ሳያሳያችሁ እንዳትፈርሙ።

ምሽት ላይ ትንሽ ይጎተታል። አንዱ መስመር እስከ 32 ቤት ሊከፋፈል ስለሚችል ሁሉም ፊልም ሲከፍት ይታወቃል። ደግነቱ መንገድ ላይ ያለው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። እኛ ሰፈር መብራት መጥፋት ዜና አይደለም፤ ለሞደሙ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ገዛሁለት። ብሎኩ ሁሉ ጨልሞ የእኔ ፋይል ይጫናል። መኝታ ቤት ግን ዋይፋዩ ግድግዳውን አልፎ አይደርስም፤ ለኮምፒውተሬ ገመድ ዘርግቻለሁ፣ ስልኩን ሳሎን ትቼው እተኛለሁ።