ቤንዚኗ ኤፍጄ60 ናፍጣ ከጀመረች ወዲህ፦ ከዓመት በላይ ስነዳት ያየሁት

ላንድክሩዘር 60 ሲሪስ ላይ የሃርድ ቶፕ (የ70 ሲሪስ ላንድክሩዘር) ሞተር ስለማስገባት የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷል። አይገርምም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና ማቆየት የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። የእኔዋ እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራች ኤፍጄ60 ናት። ከፋብሪካ የወጣችው 2ኤፍ በሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። አሁን 1ኤችዜድ የሚባለውን የሃርድ ቶፕ የናፍጣ ሞተር ተሸክማ ከዓመት በላይ ሆናት። አዲስ አበባ ውስጥም፣ በአርባ ምንጭም፣ በባሌም መስመር ሠርታልኛለች።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ይሄ ሥራ ጉልበት ለመጨመር ተብሎ አይሠራም። 2ኤፍ 4.2 ሊትር ነው፤ 1ኤችዜድም 4.2 ሊትር ነው። ሁለቱም 130 የፈረስ ጉልበት ግድም ላይ ናቸው። ዳገት ላይ ከበፊቱ ፈጥና የምትወጣ መስሎት ብሩን የሚያወጣ ሰው ቅር ይለዋል።

ለውጡ ያለው ነዳጅ ላይ ነው። በፊት ከተማ ውስጥ በሊትር አራት ኪሎ ሜትር ከሄደችልኝ ዕድለኛ ነበርኩ። አሁን ስምንት ገደማ ትሄዳለች፤ ከከተማ ስትወጣ ትንሽ ትጨምራለች። የናፍጣው ሰልፍ ግን እንዳለ ነው፤ እሱን ምንም ሞተር አያሳጥረውም። ሌላው ዕቃ ነው። ለ2ኤፍ ካርቡሬተር አንዲት ትንሽ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራን ከላይ እስከ ታች እዞር ነበር። 1ኤችዜድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በሃርድ ቶፕ ላይ የሚገጠም፣ የእርዳታ ድርጅቶች ሁሉ የለመዱት ሞተር ነው። ፊልትሮው፣ ቺንጋው፣ ኖዝሉ በየሱቁ አለ። ክፍለ ሀገር ወጥታችሁ ብትቆሙም የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም።

ሞተሩን ስትገዙ ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) ግዙ። የ2ኤፍ ካምቢዮ 1ኤችዜድ ላይ እንዲሁ አይገጥምም። ቶርኖ ቤት ወስደው መሃል ላይ የሚገባ ሳህን አስቆርጠው የሚያገጣጥሙ አሉ። ሳህኑ ከመሃል በጣም ጥቂት ከሳተ ፍሪሲዮኑንና የፊት ኩሽኔታውን ይበላል፤ ያኔ የቆጠባችሁትን ብር ሁለት እጥፍ ትከፍላላችሁ። የእኔ ሞተር የመጣው ኤች55ኤፍ ከሚባለው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ጋር ነው። ይሄ ካምቢዮ ራሱ 60 ሲሪስም ላይ ይገጠም ስለነበር ቦታው አልጠበበውም። የሞተር መቀመጫዎቹ ሻሲው ላይ እንደ አዲስ ተበየዱ፣ ካርዳኖዎቹም በርዝመት ተስተካከሉ። እውነቱን ለመናገር ከሞተሩ ይልቅ ያስደሰተኝ ካምቢዮው ነው። በድሮው ባለ አራት ማርሽ የአዳማን ፈጣን መንገድ ስይዝ ሞተሩ ይጮህ ነበር። አምስተኛ ማርሽ ዙሩን ያወርድላታል።

ኤሌክትሪኩ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ያገለገሉ 1ኤችዜድ ሞተሮች አንዳንዶቹ ሞተሪኖአቸውና ማሞቂያ ካንዴላቸው 24 ቮልት ነው። የእኔዋ መኪና ደግሞ 12 ቮልት ናት። ሻጩ «ያው ነው» ቢላችሁ አትመኑት፤ ሞተሪኖው ላይ የተጻፈውን ራሳችሁ አንብቡ። ዙር ቆጣሪውም ሥራ አቁሟል። የቤንዚን ሞተር ላይ ምልክቱን የሚያገኘው ከኮይሉ ነበር፤ ናፍጣ ኮይል የለውም። ከዲናሞው ምልክት ወስዶ ማስተካከል ይቻላል ይባላል። እስካሁን በጆሮዬ እየነዳሁ ነው።

አሁን ወደ ፍሬኑ። ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ብትጠነቀቁልኝ ደስ ይለኛል። የቤንዚን ሞተር አየር ሲስብ ቢራቢሮው ስለሚያፍነው ማኒፎልዱ ውስጥ ቫክዩም ይፈጠራል። የፍሬኑ አጋዥ ጉልበት የሚያገኘው ከዚያ ነው። ናፍጣ ሞተር አየሩን የሚያፍን ቢራቢሮ የለውም፤ ስለዚህ ቫክዩም የሚሠራ ፖምፓ ያስፈልገዋል። የ1ኤችዜድ ፖምፓ ዲናሞው ጀርባ ላይ የተቀመጠ ነው፤ የሚለሰልሰውም በሞተሩ ዘይት ነው። ሥራውን የጀመረልኝ ጋራዥ ግን ዲናሞው ዘይት ያንጠባጥባል ብሎ ፖምፓ በሌለው ዲናሞ ቀየረውና ዝም አለ። መኪናዋን ስረከብ ሞተሩ ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል። ፍሬኑን ስረግጥ ግን ድንጋይ ነው። ስጠይቅ «ትለምደዋለህ» ተባልኩ። ሁለት ቶን ያለፈ መኪና ላይ! ሌላ መካኒክ ዘንድ ወስጄ ባለ ፖምፓ ዲናሞ ከነዘይት መስመሮቹ አስገጠምኩ። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድሮው ሆነ። የምትረከቡ ቀን ሞተሩን አስነስታችሁ ፍሬኑን ደጋግማችሁ እርገጡ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ከጠነከረባችሁ ቁልፉን አትቀበሉ።

ቺንጋም አለ። 2ኤፍ ታይሚንጉ በጥርስ የሚዞር ስለነበር የሚበጠስ ነገር አልነበረውም። 1ኤችዜድ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚቀየር የታይሚንግ ቺንጋ አለው። ከተበጠሰ ቫልቮቹ ፒስተኑን ይመታሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ነው። ሃርድ ቶፕ ዳሽቦርዱ ላይ ጊዜው ሲደርስ የሚበራ መብራት አለው። 60 ሲሪሷ ላይ ያ መብራት የለም። ያገለገለ ሞተር ስንት እንደሄደ በሻጭ አፍ አይታወቅምና፣ ገና ሞተሩ መሬት ላይ እያለ ቀይሩት። ያኔ እጅ እንደ ልብ ይገባል።

ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር እንዳለ አትርሱ። ሞተሩን ስትገዙ ዲክላራሲዮኑን (የጉምሩክ ወረቀቱን) አብራችሁ ተቀበሉ። ያለ እሱ ቁጥሩን ማስቀየር ጣጣ ነው፤ ቦሎ ሲደርስም ያው ጣጣ ይመጣል። ዋጋ አልጽፍላችሁም። ዛሬ ብጽፈው በወሩ ውሸታም እሆናለሁ።

ከፍታ ላይ እንዴት ናት ለሚለው፣ ባሌ ወስጄ አይቻታለሁ። አዲስ አበባ ራሷ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ከጎባ ወጥታችሁ የሳነቴ አምባ ላይ ስትደርሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ፤ እዚያ ጉድለቱ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ያችኑ ያገኛትን አየር ይዞ ነው የሚታገለው። የነዳጅ ፖምፓው ግን ናፍጣውን እንደ ቆላው መርጨቱን ይቀጥላል፤ ያልተቃጠለው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በመጀመሪያው ጉዞ ከኋላዬ የነበረው ሰው ምን እንዳለኝ ባልጽፈው ይሻላል። አንዳንድ 1ኤችዜድ ከፍታውን እያየ ነዳጅ የሚቀንስ ፖምፓ ይዞ ይመጣል። የእኔው የለውም። አዲስ አበባ ያለ የፖምፓ ባለሙያ ነዳጁን ትንሽ ቀነሰልኝና ጭሱ ረገበ። ሁለተኛ ማርሽ ይዛ፣ ሳትቸኩል፣ ሙቀቷም ሳይነሳ ወጣች። 2ኤፍ እዚያ ከፍታ ላይ በቤንዚን ታፍኖ ይስልብኝ ነበር፤ ከእሱ ይሄ ይሻላል። ወደ ዶሎ መና በሐረና ደን ስትወርዱ ደግሞ ፍሬኑ ላይ ያወጣችሁት ብር ይገባችኋል።

የማልወደው ድምፁን ነው። ቆማ ስትሠራ መስታወቶቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ በ80 ስትሄዱ ከጎናችሁ ካለ ሰው ጋር ለማውራት ድምፅ ከፍ ማድረግ አለባችሁ። ወለሉ ላይ ያነጠፍኩት ድምፅ መከላከያ የረዳው በመጠኑ ነው። የፊት ባሌስትራው ይጎብጣል ብለው ያስፈራሩኝ ነበር፤ አልጎበጠም። 2ኤፍ ራሱ እኮ ቀላል ሞተር አልነበረም።

«ታዲያ ቱርቦ ለምን አታስገባላትም?» የሚለኝ አይጠፋም፤ በተለይ የሳነቴን ነገር ከሰማ በኋላ። 1ኤችዜድ ነዳጁን የሚያቃጥለው ቴስታታው ውስጥ ባሉ ትንንሽ ቅድመ ክፍሎች ነው። ቱርቦ ሲጨመርበት ሙቀቱ እዚያ ይከማቻል፤ ቴስታታውም መሰንጠቅ ይጀምራል። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ ሲፈልግ 1ኤችዲ-ቲ የሚባለውን ሞተር ሌላ ቴስታታና ሌላ ፒስተን ሰጥቶ ነው የሠራው። በዝቅተኛ ግፊት፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ገጥመው የሚነዱ አሉ፤ እግራቸውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ከሆኑ ይሁንላቸው። እኔ ይህን ሞተር ያስገባሁት ጋራዥ ላለመመላለስ ነው። ሳነቴን በሁለተኛ ማርሽ መውጣት ችግሬ አይደለም።