ኬትልቤል ለመግዛት ላሰበ ሰው፦ የትኛው ዓይነት፣ በስንት ኪሎ?

ቤት ውስጥ የሚቀመጥ አንድ የስፖርት ዕቃ ብቻ ምረጥ ብባል ያለማመንታት ኬትልቤልን፣ ማለትም ከላይ እጀታ ያለውን ድቡልቡል ክብደት፣ እመርጣለሁ። ጉልበትንም ትንፋሽንም በአንድ ላይ ያሠራል፤ አልጋ ሥር ይገባል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቋረጥም፤ በደህና እጅ ከተያዘ ለልጅ ይተርፋል። ነገር ግን ገበያ ላይ በዚህ ስም የሚሸጠው ሁሉ እኩል አይደለም። ቅርጹን ብቻ የወሰዱ፣ መዳፍ የሚልጡና የእጅ አንጓ የሚያቆስሉ ዕቃዎች ሞልተዋል። ሰው እንዲህ ያለውን ገዝቶ ሳይውል ሳያድር በር መደገፊያ ሲያደርገው ማየት ያሳዝነኛል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የስንፍና ሳይሆን የምርጫ ነውና።

ስለዚህ አጥብቄ የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ኬትልቤል ሲገዛ ከቀለሙም ከስሙም በፊት መታየት ያለበት እጀታው ነው። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው ዓይነቶች በአብዛኛው የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ኬትልቤል ወይስ ዳምቤል?

ዳምቤል፣ ማለትም ሁለት ጫፉ ላይ ክብደት ያለው አጭር ዘንግ፣ ሲያዝ ክብደቱ ከመዳፍ ግራና ቀኝ እኩል ስለሚከፈል እጅ ላይ ይረጋጋል። የኬትልቤል ክብደት ግን ከመዳፍ ራቅ ብሎ ይንጠለጠላል። በተነሳ ቁጥር ሊዞርና ሊያመልጥ ይሞክራል፤ እርሱን ለመቆጣጠር ጣት፣ ክንድ፣ ትከሻ፣ ሆድና ጀርባ አብረው ይሠራሉ።

ይህ ጠባዩ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ስዊንግ በሚባለው እንቅስቃሴ ነው። ኬትልቤሉ በሁለት እጅ ተይዞ በእግሮች መካከል ወደ ኋላ ያልፋል፤ ጀርባ ቀጥ እንዳለ ዳሌ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ከዚያ መቀመጫና የጭን የኋላ ጡንቻ በአንድ ጊዜ ተኮማትረው ሰውነትን ቀጥ ሲያደርጉት ብረቱ በዚያ ግፊት እስከ ደረት ይወጣል። ክንድ እዚህ ገመድ ነው፤ አንሺው ዳሌ ነው። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ወይም መሪ ጨብጦ ለሚውል ሰው፣ እነዚህ ተኝተው የሚውሉ ጡንቻዎች በአንድ እንቅስቃሴ መቀስቀሳቸው ትልቅ ነገር ነው።

ጥቅሙ በጥናትም ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ 12 ደቂቃ ያህል ስዊንግ የሠሩ ወጣቶች የእግር ጉልበታቸውም ወደ ላይ የመዝለል ኃይላቸውም ጨምሯል። በ2011 የወጣ የዴንማርክ ጥናት ደግሞ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም በሚበዛበት ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት በኬትልቤል አሠልጥኖ የአንገት፣ የትከሻና የወገብ ሕመማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። በዚሁ ጥናት የልብና የሳንባ ብቃታቸው ግን ለውጥ አላሳየም። ይህ ለገዢ የሚጠቅም ቁም ነገር ነው፤ ኬትልቤል ሩጫን ይተካል የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ቃሉን በጥንቃቄ ይስሙ። ጠዋት ጠዋት የሚሮጥ ሰው ሩጫውን ይቀጥል፤ ኬትልቤሉ ሩጫ የማይነካውን ጀርባ፣ ትከሻና የመጨበጥ ኃይል ያሠራለት።

ዳምቤል የሚበልጥበትም ቦታ አለ። ዓላማዎ የደረትን፣ የክንድንና የትከሻን ጡንቻ ለይቶ ማሳበጥ ከሆነ ዳምቤል ይሻላል፤ አያያዙ ቀላል ነው፣ ክብደቱንም በትንሽ በትንሹ መጨመር ይቻላል። የእግር ጉልበትን እስከ መጨረሻው ማሳደግ ለሚፈልግ ደግሞ ባርቤል፣ ማለትም በሁለት እጅ የሚያዘው ጫፎቹ ላይ ሳህን የሚገባበት ረጅም ዘንግ፣ አቻ የለውም። ሌላው የ2012 ጥናት ኬትልቤልንና የባርቤል ሥልጠናን አነጻጽሮ ሁለቱም ጉልበት እንደሚጨምሩ፣ ባርቤል ተሸክሞ ቁጢጥ በማለት ግን የባርቤል ሠልጣኞች የበለጠ እንዳደጉ አግኝቷል። ኬትልቤልን የምመርጠው በትንሽ ቦታ፣ በአጭር ጊዜ፣ በአንድ ዕቃ መላ ሰውነትን ማሠራት ለሚፈልግ ሰው ነው። አብዛኞቻችን የምንፈልገውም ይህንኑ ይመስለኛል።

ወጥ ብረት

ለአብዛኛው ገዢ የምመክረው ይህን ነው፤ እጀታውና ድቡልቡሉ አካል በአንድ ላይ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት። መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለውም። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር አካሉም ይተልቃል፤ የእጀታው ክፍተትም ብዙውን ጊዜ ሁለት መዳፍ አጠገብ ለአጠገብ ያስገባል፤ ስለዚህ ለሁለት እጅ ስዊንግ ይመቻል። ዋጋውም ከውድድሩ ዓይነት ይቀንሳል።

ሱቅ ገብተው ሲመርጡ ጣትዎን ከእጀታው በታች፣ በውስጥ በኩል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብለው ያሳልፉ። ብረቱ ሲፈስ ሁለቱ የቅርጽ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር እዚያ ይቀራል። ጥሩ አምራች ሞርዶ ያጠፋዋል፤ ግዴለሹ ቀለም ቀብቶበት ያልፋል። ለአይን የማይታይ ያ ቀጭን ጠርዝ ከመቶ ስዊንግ በኋላ መዳፍ ይቀድዳል። ቀጥሎ ቀለሙን ይመልከቱ። እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ወፍራም ቀለም ለዓይን ቢያምርም እጅ ሲያልበው ያንሸራትታል። ደብዘዝ ያለ፣ በጣት ሲዳሰስ ትንሽ ሻከር የሚል ይሻላል። በመጨረሻ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጠው በጣት ገፋ ያድርጉት፤ የሚወላገድ ከሆነ ተደግፈው ፑሽ አፕ ሊሠሩበት አይችሉም።

የውድድር ኬትልቤል

ኬትልቤል ራሱን የቻለ ውድድር አለው። ተወዳዳሪዎች ለ10 ደቂቃ ብረቱን መሬት ሳያስነኩ ደጋግመው ያነሳሉ። ለዚህ የሚሠራው ኬትልቤል ከአረብ ብረት ሲሆን 8 ኪሎም ይሁን 32 ኪሎ መጠኑ አንድ ነው፤ ቁመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ የአካሉ ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክብደቱ የሚለየው በቀለም ነው፦ 8 ኪሎ ሮዝ፣ 12 ሰማያዊ፣ 16 ቢጫ፣ 20 ሐምራዊ፣ 24 አረንጓዴ፣ 28 ብርቱካናማ፣ 32 ቀይ።

የመጠኑ አንድ መሆን ጥቅሙ የሚታወቀው ብረቱ ደረት አጠገብ ሲያርፍ ነው። ወጥ ብረቱ ትንሽ ኪሎ ሲሆን አካሉ አንጓ አጠገብ ይጫናል፣ ሲከብድ ደግሞ ወደ ክርን ይወርዳል፤ ክብደት በቀየሩ ቁጥር ክንድ እንደገና መልመድ አለበት። የውድድሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። እጀታው ቀለም የለውም፤ ውፍረቱ ከ33 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ትንሽ እጅም ይጨብጠዋል፣ እጅ እንዳያንሸራትት የሚቀባውን የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄትም ይይዛል።

ድክመቱ ሁለት ነው። ክፍተቱ ጠበብ ስለሚል ትልቅ መዳፍ ያለው ሰው በሁለት እጅ ሲይዘው ትንንሽ ጣቶቹ ይጨናነቃሉ። ሁለተኛው ዋጋው ነው፤ በተለይ ለ8 እና ለ12 ኪሎ የሚከፈለው ልዩነት ለጀማሪ አይዋጥም። በአንድ እጅ ረጅም ጊዜ መሥራት ለሚወድ፣ እንደ ስናች ያሉ ወደ ራስ በላይ የሚወጡ እንቅስቃሴዎችን ለሚያዘወትር ግን ገንዘቡ የሚገባው ነው። ከመክፈልዎ በፊት ነቅነቅ ያድርጉት፤ ውስጡ የሚንኳኳ ከሆነ ክብደቱን ለማሟላት የተጨመረው ነገር አልጠበቀም ማለት ነው።

ክብደቱ የሚቀያየር

አንድ ቅርፊት ውስጥ ሳህኖች እየተጨመሩና እየተቀነሱ ለምሳሌ ከ12 እስከ 32 ኪሎ የሚሆኑ አሉ። ባልና ሚስት፣ ወይም አባትና ጎረምሳ ልጅ የሚጋሩት ከሆነ አምስት ኬትልቤል ከመግዛት በዋጋም በቦታም እጅግ ይሻላል። የውድድሩን ቅርጽ የያዙት በብሎን የሚጠብቁ ናቸው፤ ክብደታቸው ቁልፍ በማዞር የሚመረጠው ደግሞ ፈጣን ቢሆኑም አካላቸው ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ የተያዘ ነው።

እኔ ብሎኑን አምናለሁ። ስዊንግ ብረቱን በኃይል የሚወረውር እንቅስቃሴ ነው፤ መቆለፊያው ቢላቀቅ ሳህኑ የሚሄደው ወደ ሰው ወይም ወደ መስኮት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ክብደታቸው የሚቀያየር የቦውፍሌክስ ዳምቤሎች ሳህናቸው በሥራ ላይ እያለ ሊወድቅ ስለሚችል እንዲመለሱ ጥሪ መደረጉን እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ነው። ይህን ዓይነት የገዛ ሰው ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ብሎኑን ይፈትሽ፤ በፍጹም መሬት ላይ አይጣለው።

ፕላስቲክ ለብሶ ሲሚንቶ የያዘው

ዋጋው ይማርካል፤ ባይገዙት እመርጣለሁ። ሲሚንቶ ከብረት ስለሚቀል ተመሳሳይ ኪሎ ለማምጣት አካሉ ይገዝፋል፤ በእግሮች መካከል ለማሳለፍም ያስቸግራል። የፕላስቲኩ ስፌት ክንድ ይፍቃል። ከወደቀ ውስጡ ይሰነጠቅና ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

በስንት ኪሎ ልጀምር?

ኬትልቤል መነሻው ሩሲያ ነው፤ በዚያ ገበያ እህል የሚመዘንበት የሚዛን ብረት ነበር። መለኪያው ፑድ ሲሆን አንዱ ፑድ 16.38 ኪሎ ነው። 16፣ 24 እና 32 ኪሎ (አንድ፣ አንድ ተኩልና ሁለት ፑድ ገደማ) የተለመዱት መጠኖች የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ለገዢ ግን ከ16 ወደ 24 መዝለል ከባድ ነው፤ በመካከል 20 የሚያቀርብ ሱቅ ይፈልጉ።

ጤነኛ ለሆነ፣ ከዚህ በፊት ብዙ ላልሠራ ወንድ 16 ኪሎ፣ ለሴት ከ8 እስከ 12 ኪሎ ጥሩ መነሻ ነው። ጉልበት የለመደች ሴት በቀጥታ 12 ወይም 16 ትውሰድ። ብዙ ሰው ፈርቶ 4 ኪሎ ይገዛል፤ 4 ኪሎ በክንድ ብቻ ስለሚነሳ ዳሌ መሥራት አያስፈልገውም፣ ስዊንግም አያስተምርም። መመዘኛ ከፈለጉ፣ በአንድ እጅ ከትከሻ ወደ ራስ በላይ ወገብ ሳያጣምሙ አምስት ጊዜ የሚያነሱት ኪሎ ለመጀመሪያ ይበቃል።

በአሜሪካ ያላችሁ በፓውንድ ስለምትገዙ፣ 18 ፓውንድ 8 ኪሎ፣ 26 ፓውንድ 12፣ 35 ፓውንድ 16፣ 44 ፓውንድ 20፣ 53 ፓውንድ 24 ኪሎ ገደማ ነው። ለአገር ቤት ሰው በሻንጣ ልትልኩ ካሰባችሁ፣ 23 ኪሎ በሚፈቀድበት ሻንጣ 16 ኪሎው አብዛኛውን የተፈቀደ ክብደት ይወስዳል። ሳህኑ የሚፈታውን ዓይነት ግን በሁለት ሻንጣ ከፋፍሎ መላክ ይቻላል።

ብየዳ ቤት ማሠራትስ?

በየሰፈራችን ቆርቆሮ በሲሚንቶ ሞልቶ ዘንግ ላይ መትከል የቆየ ብልሃት ነው፤ ቀጥ አድርጎ ለማንሳት ይሆናል። ለሚወረወር እንቅስቃሴ ግን አይሆንም። ብየዳ ቤት የሚሠራ ኬትልቤልም አደጋው እጀታው ከአካሉ የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ውጫዊው ብየዳ ቢያምርም ውስጡ ካልገባ ይሰነጠቃል። የባርቤል ሳህን ያለው ሰው ከወፍራም የውኃ ቱቦ በቲ ቅርጽ እጀታ አሠርቶ ከታች ሳህኑን ቢያጠብቅበት ለሁለት እጅ ስዊንግ ብቻ ርካሽና አስተማማኝ መፍትሔ ያገኛል።

ኮንዶሚኒየም ወይም ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ ከኬትልቤሉ ጋር ወፍራም የጎማ ምንጣፍ አብራችሁ ግዙ። 16 ኪሎ ብረት ከጉልበት ከፍታ ቢወድቅ ሴራሚክ ይሰብራል፣ የታች ጎረቤትንም ያስደነግጣል። የደም ግፊት፣ የዲስክ መንሸራተት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ያገለገለ ወጥ ብረት ካገኛችሁ በደስታ ግዙ። እጀታው ከአካሉ በሚጋጠምበት ሁለቱም ጎን በእጅ ስልክ መብራት አብርታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካያችሁ ወይም ተበይዶ የተጠገነ ከሆነ በነጻም አትውሰዱት። ዝገት ግን አያስፈራም። በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል፤ እጀታው ላይ ቀጭን ዘይት ተቀብቶ በጨርቅ ከተወለወለ እንደ አዲስ ያገለግላል። ብዙ ገዢ ዝገት አይቶ ስለሚመለስ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳችኋል።