ለ5.3 ሲልቬራዶና ታሆ የቱ ካምሻፍት? ትንሹ ከነቪቪቲው ወይስ ትልቁ?

ከ2010 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የተሠራ ባለ 5.3 ሊትር ሞተር ሲልቬራዶ፣ ታሆ ወይም ዩኮን ያለው ሰው ሊፍተሩ (በካሙና በመግፊያ ዘንጉ መካከል ሆኖ ቫልቩን የሚያስከፍተው) መንኳኳት ሲጀምር ጥያቄው አንድ ነው፦ «ሞተሩ ከተከፈተ አይቀር ካሙንም (ቫልቮቹን የሚያስከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱን) ልቀይር፤ የቱን ልግዛ?» ዕቃ የሚጭን፣ ተጎታች የሚስብ ወይም ቤተሰብ የሚያመላልስ መኪና ከሆነ ትንሹን፣ ማለትም ቫልቮቹን ለአጭር ጊዜ ከፍቶ የሚያቆየውን ግዙ፤ ቪቪቲውንም (የቫልቮቹን መክፈቻ ሰዓት እንደ ዙሩ የሚቀያይረውን) አትንኩ። ትልቁ ካም ሚኒሞ ላይ ሲያንገራግር ለጆሮ ደስ ይላል፤ ዋጋው ግን ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። (ድምፁን ብቻ የፈለገ ሰው ማርሚታ ቢቀይር ይረክስለታል።)

ይህ ሞተር ያለው አንድ ካምሻፍት ነው። ፌዘሩ (ካሙ ጫፍ ላይ ያለው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው የቪቪቲ ክፍል) ሲያዞረው የአየር ማስገቢያውም የጭስ ማስወጫውም ቫልቭ ሰዓት አብሮ ይሄዳል። ሞተሩ ሲነሳ ካሙ ሙሉ በሙሉ ቀድሞ ተቆልፎ ነው የሚቆመው፤ ከዚያ እንደ ዙሩና እንደ ጭነቱ ፌዘሩ ያዘገየዋል። በዝቅተኛ ዙር ጉልበት፣ በከፍተኛ ዙር ትንፋሽ የሚገኘው በዚህ ነው። ትልቅ ካም ገብቶ ሲዘገይ ግን የጭስ ማስወጫው ቫልቭ ሳይዘጋ ፒስተኑ ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ ፌዘሩ ተፈቶ መገደቢያ ይገባበታል፤ ከ50 ዲግሪ በላይ ይዞር የነበረው ወደ 20 ገደማ ይወርዳል። ቪቪቲው አለ ይባላል እንጂ አብዛኛው ጥቅሙ ቀርቷል።

የሻጩን ማስታወቂያ ትታችሁ የማስገቢያውና የማስወጫው ቫልቭ አብረው ክፍት የሚሆኑበትን ዲግሪ ራሳችሁ አስሉ። ሊፍተሩ 0.050 ኢንች ሲነሳ የተለካውን የማስገቢያና የማስወጫ ቫልቭ ቆይታ በዲግሪ ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ፤ ከዚያ ላይ የሎብ ርቀቱን (ኤልኤስኤ፣ በማስገቢያውና በማስወጫው የካም ጉብታ መካከል ያለውን ዲግሪ) ሁለት እጥፍ ቀንሱ። 212/218 በ112 ከሆነ 215 ሲቀነስ 224፣ ከዜሮ በታች 9 ነው፤ የፋብሪካው ቶርክ ኮንቨርተር (ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘው) ይችለዋል። 228/236 በ110 ከሆነ 232 ሲቀነስ 220፣ ከዜሮ በላይ 12 ይሆናል። ይኸኛው ስቶሉ (አጥብቆ መያዝ የሚጀምርበት ዙር) 2800 ገደማ የሆነ ኮንቨርተር ይፈልጋል፤ ሚኒሞ ላይ ቫኪዩም ስለሚያንስም የፍሬን ፔዳሉ ይደርቃል።

አሁን ወደ ኪሳችን። ካሙ ራሱ፣ ትንሹም ትልቁም፣ ከ350 እስከ 450 ዶላር ገደማ ነው፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ለትንሹ እስከ 0.550 ኢንች ሊፍት (የቫልቭ መክፈቻ ከፍታ) የሚችል ነጠላ የቫልቭ ሞላ በ150 ዶላር አካባቢ ይበቃል። ለትልቁ ድርብ ሞላ ከነቆቡ 300 ገደማ፣ የፌዘር መገደቢያ፣ ከ700 እስከ 1000 የሚደርስ ኮንቨርተር፣ ካምቢዮ አውርዶ የመግጠሚያ የእጅ ዋጋ። ልዩነቱ ሳይታሰብ ከ1000 ዶላር ያልፋል። ቲዩኒንጉ (የሞተሩን ኮምፒውተር ለአዲሱ ካም ማስተካከል) ለሁለቱም ግዴታ ነው። ቪቪቲውን ጨርሶ ማውጣት ደግሞ የፊት ክዳንና የካም ጥርስ መቀየር ይጠይቃል፤ ለውድድር መኪና ካልሆነ ጥቅም አላይበትም።

ከካሙ ምርጫ ይልቅ ሞተር የሚገድለው ሊፍተር ነው። 1፣ 4፣ 6 እና 7ኛው ሲሊንደር ላይ ነዳጅ ለመቆጠብ የሚዘጉ ሊፍተሮች አሉ፤ አብዛኞቹ የጉልበት ካሞች ከእነዚህ ጋር አይሄዱም። ስለዚህ 16 ተራ ሊፍተር፣ 4 የሊፍተር መያዣና የመሃል ክዳን አብረው ይገዛሉ። ቴስታታው ሳይወርድ ሊፍተር አይወጣም፤ ጓርኒሲዮንና አዲስ የቴስታታ ብሎንም አስቡበት፣ አሮጌው ብሎን ተስቦ ስለሚያልቅ አይደገምም። የጂኤም 12499225 ሊፍተር ቅጂው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። ካርቶኑ ቁርጥ እውነተኛውን ይመስላል፤ ውስጡ ግን ዘይት አይዝም፣ ሮለሩ ላይ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች ይፈርሳሉ፣ አዲሱን ካም ይፍቀዋል፣ ብረቱ ዘይት ውስጥ ገብቶ ብሮንዚናውን ይበላል። ከታወቀ ሱቅ ዋጋ በግማሽ ካያችሁ እለፉት።

ሲገጠም ሦስት ቦታ ላይ ይበላሻል። የመግፊያ ዘንግ ርዝመት ሳይለካ 7.400 ኢንች ተብሎ ይታዘዛል፤ የካሙ መነሻ ክብ (ጉብታው የሌለበት ክፍሉ) ስለሚለያይ በመለኪያ ዘንግ ይለካ። የዘይት ፓምፑ መምጠጫ ኦሪንግ ከተቆነጠጠ ወይም ልኩ ካልሆነ ፓምፑ አየር ይስባል፤ የዘይት ግፊት ሲወርድ ፌዘሩም አይታዘዝም። የክራንክ ፑሌጃው በአሮጌው ብሎን በ240 ፓውንድ-ፉት ተጠብቆ ቦታውን ከያዘ በኋላ ያ ብሎን ይወጣል፤ አዲሱ ገብቶ በ37 ይጠበቅና 140 ዲግሪ ይጨመርበታል።

ትልቁን ካልገዛሁ የሚል ደግሞ መገደቢያ ማስገባቱን ለቲዩነሩ አስቀድሞ ይንገር። የካም ሠንጠረዡ ካልተስተካከለ ኮምፒውተሩ ፌዘሩ የማይደርስበትን ዲግሪ እየጠየቀ ፒ0011 የስህተት ኮድ ያበራል፤ ያኔ ደህናውን የፌዘር ሶሌኖይድ እየፈቱ መቀያየር ይጀመራል።