ባለ 1.6 ሜትር ኢኮ ሶልቨንት ፕሪንተር፦ ከመስከረም እስከ ሰኔ ሠርቼበት

ይህን ማሽን መስከረም ላይ ነው የገዛሁት። አሁን የምርቃት ባነር የሚጎርፍበት ሰኔ ደርሷል። ሱቃችን አራት ኪሎ ነው፤ ባነር፣ ስቲከር፣ የላይት ቦክስ ፊትና ታፔላ እንሠራለን። ማሽኑ የቻይና ሥሪት ሲሆን አንድ ኤክስፒ 600 የሚባል ሄድ (ቀለሙን የሚረጨው ክፍል) አለው። ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ሁሉ ስለ ፍጥነቱ ይጠይቁኛል። ሲቆም ምን እንደሚሆን ቢጠይቁኝ ይሻላቸው ነበር።

ፍጥነቱ ለትንሽ ሱቅ ይበቃል። በ4 ፓስ (ሄዱ አንዱን ቦታ በ4 ምልልስ ሲሞላው) ባነር ቶሎ ይወጣል፤ ሙሉ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መደብ ካለው ግን መስመር መስመር ይላል። ለባነር 6፣ ከቅርብ ለሚታይ ስቲከር 8 ፓስ እንጠቀማለን።

ዋናው ጉዳይ መብራት ነው። በሥራ መሀል መብራት ሲሄድ ሄዱ ባለበት ይቀራል። ወደ ማረፊያው ተመልሶ ካፑ (ክዳኑ) ላይ ካልተከደነ ቀለሙ ኖዝሉ (የሚወጣበት ቀዳዳ) ላይ ይደርቃል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለም የሚደርቅበት ፍጥነት ያስደነግጣል። ስለዚህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ከማሽኑ ጋር አብሮ ይገዛ። ሄዱ ተመልሶ እስኪከደን ድረስ ከያዘ ይበቃል። የእኛ ማሽን ሂተር (ማሞቂያው) የራሱ ገመድ ስላለው ዩፒኤሱ ላይ አንሰካውም፤ ብዙ ኃይል ይበላል።

ጠዋት ጠዋት ኖዝል ቼክ (ሁሉም ቀዳዳ ቀለም ማውጣቱን የሚያሳይ የሙከራ ህትመት) ሳናወጣ ሥራ አንጀምርም። ማታ ካፑና ዋይፐሩ (ሄዱን የሚጠርገው ጎማ) ይጸዳሉ። ለፋሲካ ስንዘጋ ካፑ ላይ የማጽጃ ፈሳሽ አድርገን ነው የሄድነው። ስንመለስ ኖዝል ቼኩ ላይ ሁሉም ቀለም ሳይቆራረጥ ወጣ፤ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ዝናቡ ሲጀምር ችግሩ ይገለበጣል። ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም። ስቲከር ታትሞ እንደወጣ ላሚኔት ከተደረገ (በስስ ላስቲክ ከተሸፈነ) ሶልቨንቱ (ቀለሙ የተሟሟበት ፈሳሽ) ታፍኖ ይቀርና ጠርዙ ይነሳል። የቸኮለ ደንበኛ ቢቆጣም ለማግስቱ እንቀጥራለን።

ከማሽኑ ውጪ ትልቁ ራስ ምታት የአማርኛ ፎንት ነው። ደንበኛው ፍላሽ ይዞ ይመጣል። ፋይሉን ስንከፍተው «እንኳን ደስ አላችሁ» የነበረበት ቦታ የላቲን ፊደልና ምልክት ተደበላልቆ ይታያል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። የድሮዎቹ ፎንቶች ግን የእኛን ፊደል በላቲን ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። ዛሬም የሚሠራባቸው ዲዛይነር አለ፤ ቅርጻቸው ያምራልና አልፈርድበትም። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ግን ጽሑፉ አይነበብም። ጽሑፉን ከርቭ አድርጋችሁ (ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ ቀይራችሁ) አምጡልን። ከርቭ ከሆነ በኋላ ማረም ስለማይመች ያልተቀየረውንም ቅጂ አትጣሉት።

ከማተማችን በፊት ደንበኛው ጽሑፉን ስክሪን ላይ ፊደል በፊደል ያነባል። «ኃይሉ» በየትኛው «ሀ» እንደሚጻፍ የሚያውቀው ባለስሙ ነው። ምርቃት ላይ ስሙ ተሳስቶ የተሰቀለበት ልጅ ያንን ፎቶ ዕድሜ ልኩን ያየዋል።

ሎጎ በቴሌግራም ሲላክ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይሁን። ፎቶው ተጨምቆ ስለሚመጣ ሜትር ላይ ሲለጠጥ ይፈርሳል።

ቀለምም ያጨቃጭቃል። ስልክ ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በማሽኑ አራት ቀለም አይወጣም። እኛ በየማቴሪያሉ የቀለም ናሙና አትመን ግድግዳ ላይ ሰቅለናል። ደንበኛው በጣቱ ያሳየናል፣ የጠቆመውን እናትማለን። ባነርና ስቲከር አንድን ቀይ በተለያየ መንገድ ስለሚያወጡት ናሙናው ለየብቻ መሆን አለበት።

ድጋሚ ብገዛ ይህንኑ እገዛ ነበር። ቀኑን ሙሉ ትልልቅ ባነር ለሚያወጣ ሱቅ ግን አንድ ሄድ አይበቃም። ካፕ፣ ዳምፐር (ቀለም ወደ ሄዱ የሚያልፍበት ትንሽ ማጣሪያ) እና ዋይፐር የሚያልቁ ዕቃዎች ናቸው። ሻጩ ከመጋዘኑ አውጥቶ ሳያሳያችሁ ቀብድ አትክፈሉ።