ዘጌ መጥቶ ቀፎዬን ያየልኝ ልጅ

ስድስት መቶ ብር፣ የመኪና በእኔ። ዋጋውን ሲነግረኝ «ቀፎ ከፍቶ ለማየት ብቻ?» ብዬ ስልኩን ልዘጋበት ነበር። አባቴ ዕድሜ ልኩን ንብ ሲያንብ ለማንም ከፍሎ አያውቅም።

አሁን አባቴ የለም። ዘጌ ባለው ግቢያችን፣ ከቡናው ሥር፣ ሦስት የሣጥን ቀፎና ዛፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ባህላዊ ቀፎዎች ትቶልናል። እኔ ሥራዬ ባሕር ዳር ስለሆነ የምደርሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። መስከረም ሲጠባ አንዱን ሣጥን ከፈትኩና ድር አየሁ። እንደ ተባዘተ ጥጥ ነጭ፣ ውስጡ ትል የሚርመሰመስበት። ክዳኑን መልሼ ሮጥኩ። እናቴ «ጠብ ያለበት ቤት ንብ አይቀመጥም» አለችና እኔንና ወንድሜን በዓይኗ ገረፈችን።

ያማከርኩት ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ የንብ ዕቃ ይሸጣል። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ማጨሻ፣ ዓይነ ርግብ፣ ጓንት፣ ንብ የሚሠራበት የእንጨት ፍሬም፣ ፍሬሙ ላይ የሚጣበቅ የታተመ ሰም። ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ እየዞረ ቀፎ ያያል። ስሙን የማልጠራው ወቀሳም ስላለኝ ነው፤ እደርስበታለሁ።

ሁለት ጊዜ ቀጥሮ ቀርቷል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስልኩ ዝግ። በሁለተኛው ዝናብ ነበርና አልፈርድበትም፤ በዝናብ ቀፎ አይከፈትም። በሦስተኛው 11 ሰዓት ገደማ ኩበት በማዳበሪያ ቋጥሮ ደረሰ። «ዘጌ ከብት ስለሌለ የሚጨስ እንዳይቸግረን ብዬ ነው፣ እማማ» አላት እናቴን። እዚህ ጋ እናቴን ገዛት።

እስኪመሽ ቡና ጠጣን። የእኛ ንብ ቁጡ ነው፤ በቀን ከከፈቱት ጎረቤት ያስመርራል። 12 ሰዓት ሲያልፍ የራስ ባትሪውን አሰረ።

«መጀመሪያ መሬቱን» አለ። ከእያንዳንዱ ቀፎ በር ሥር ተንበርክኮ ሣሩን በጣቱ ገለጠ። የሞተ ንብ አለ? የሰም ፍርፋሪ? እንደ ጠመኔ የደረቀ ነጭ ዕጭ? የመጨረሻው ከተገኘ ራሱን የቻለ በሽታ ነው አለ። እኛ ጋ አልነበረም። ያገኘው ከሁለተኛው ቀፎ ሥር የሰም ፍርፋሪ ነው። ምንም ሳይል አለፈው።

አንደኛው ሲከፈት ዳር ያሉት የማር እንጀራዎች ሻግተዋል። ቆርጬ ልጥላቸው ስል እጄን ያዘ። የክረምት እርጥበት ነው፣ ንቡ ብዙ ስለሆነ ራሱ ያጸዳዋል አለኝ። ክዳኑ ግን ያፈስ ነበር፤ ወንድሜ በቆርቆሮ እንዲከድነው አዘዘ።

ሁለተኛው ጭጭ ብሏል። መሃል ያለውን ፍሬም አውጥቶ ባትሪውን አስጠጋ። ንቦቹ ጭንቅላታቸውን እንጀራው ዓይን ውስጥ ቀብረው ሞተዋል። የሚታየው ጭራቸው ብቻ ነው፣ በየዓይኑ አንድ አንድ። ዙሪያውን አንዲት ጠብታ ማር የለም። የማሩ ክዳን ደግሞ ጠርዙ ተቦጫጭቋል። «ረሃብ ነው። የቀረችውን የሌላ ቀፎ ንብ ዘርፏታል፤ መሬት ላይ ያየነው የዘራፊ ፍርፋሪ ነው። ግንቦት ላይ ምን ያህል ቆረጣችሁ?»

ሁሉንም። አልመለስኩለትም። እናቴ ግን «ነፍሱን ይማረውና እሱ ሦስት አራት እንጀራ ይተውላቸው ነበር። ሐምሌ ላይም በሶ ያቀርብላቸዋል» አለች። ይህን ለእኔ አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም! ልጁ ስኳርና ውሃ እኩል በጥብጦ መስጠትም እንደሚቻል ጨመረ።

ሦስተኛው ድር ያደራበት ነው። እዚህ ላይ መድኃኒት ይሸጥልኛል ብዬ ኪሴን እየዳበስኩ ነበር። ትሉን አንዴ አየውና ተወው። ሁለት ፍሬም ጎን ለጎን ያዘልኝ። አንዱ ለዓመታት ልጅ የተፈለፈለበት፣ የጠቆረ። በስንጥር ሲነካው ውስጡ ቦይ ቦይ ሆኖ ጥቁር ኩስ ተዘረገፈ። ሌላው ዘንድሮ የተሠራ ነጭ እንጀራ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። አንድ ቀፎ፣ አንድ ትል። «ንጹሕ ሰም አያጠግበውም» አለ። «ጥቁሩ ውስጥ የዕጭ ልባስና የአበባ ዱቄት ቀርቶለታል። ንብ በሞላበት ቀፎ ግን የትሉ እናት፣ የእሳት እራቷ፣ እንቁላል የምትጥልበት ቦታ አታገኝም። እስቲ ንቡ ለምን እንዳነሰ እንፈልግ።»

ድሩ ያልደረሰበትን ዳር አዞረልኝ። «ቁጠሪ እስቲ፣ እህቴ።» በአንዱ ዓይን ሦስት እንቁላል፣ በሌላው አራት። የተቆረጠ ነጭ ክር ይመስላሉ። ግማሾቹ ግድግዳው ላይ ተጣብቀዋል። ንግሥት በአንድ ዓይን አንድ ትጥላለች፣ እሱንም ወለሉ ላይ፤ ሆዷ ረጅም ስለሆነ ይደርስላታል። ሠራተኛዋ ስትጥል ግን አይደርስላትም። የተከደኑት ዓይኖች ደግሞ እንደ ጥይት ጫፍ አብጠዋል፤ ሁሉም ድንጉላ፣ ወንድ ንብ። ንግሥቲቱ ከጠፋች ሰንብታለች፣ ምትክ የሚያሳድጉበት ዕጭ አጥተዋል፣ ሠራተኞቹ የሚጥሉት እንቁላል ወንድ ብቻ ይሆናል። ንቡ በየቀኑ ሲያልቅ የሚተካ የለም። «ትሉ የደረሰው ለተዝካሩ ነው» አለና ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ስንት ቅዳሜ በዚያ ቀፎ አጠገብ አልፌያለሁ።

መድኃኒት አልሸጠልኝም። ሌላ ቦታ ጠይቄ «የሚነፋ አለ» ተብዬ እንደነበር ስነግረው ሰሙ ውስጥ ይቀራል ብሎ ከለከለኝ። መሽቶበት አደረ። ጠዋት የሦስተኛውን ንብ ወደ አንደኛው እንዲገባ ከፊቱ ሣሩ ላይ አራገፈው። ጥቁሩን እንጀራ እናቴ ለጧፍ አቀለጠችው፤ የወጣው ሰም ግን እፍኝ አይሞላም። ነጮቹን የእራቷ እንቁላል ካለባቸው እንዲሞት በፌስታል ጠቅልዬ ሁለት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አኖርኳቸው። ያለን ፍሪዘር የወንድሜ የዓሣ ፍሪዘር ነው። እንጀራዎቹ ከአምባዛ ጎን አደሩ፤ ወንድሜ እስካሁን ያነሳብኛል።

የተሰቀሉትን ሁለቱን አልከፈታቸውም። ጆሮውን ለጥፎ በጣቱ መታ መታ አደረጋቸውና «ደህና ናቸው» አለ። ሳላምነው ቀረሁ። አደይ ሲፈነዳ በራቸው ላይ የነበረውን ግርግር ባያችሁ።

ወቀሳዬ። አንደኛ፣ ያየውን በጽሑፍ አይሰጥም። ሁሉን በስልኬ ስጽፍ ነበር፣ በጓንት! ሁለተኛው ይብሳል። ለባዶዎቹ ፍሬሞች አሥር የታተመ ሰም ከሱቁ ገዛሁ። ስድስቱ ሙቀት ሲነካቸው እንደ ጨርቅ ረገቡ። ሽታቸው የንብ ሰም ሳይሆን የሱቅ ሻማ ነው። ንቡም እሱን ትቶ በአግድም ሠራ። ይዤለት ስሄድ አንዱን ሰብሮ አሸተተና ፊቱ ተለዋወጠ። ከነጋዴ ነው የገዛሁት፣ እኔም ተታልያለሁ አለ። ይሁን፤ ግን የሚሸጠውን ሰም ከመሸጡ በፊት ማሽተት የእሱ ሥራ ነበር። አራቱን ቀየረልኝ። ሁለቱ «በሚቀጥለው ሳምንት» ነበሩ፤ ይኸው ጥቅምት አለቀ።

ሰሙን ከእሱ አልገዛም። ለዓይኑ ግን ስድስት መቶውን ዳግም እከፍላለሁ። የምትፈልጉት ከሆነ ነሐሴ ላይ ያዙት፤ መስከረም ላይ ቀኑ ሁሉ የተያዘ ነው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አትደውሉለት፣ አያነሳም። ሲያመሽ ያደረው ቀፎ ላይ ነው።